ሐምራዊ ክዳን ያላቸው ሦስት ምስክሮች

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የደም ምርመራን ከመጽሐፍ እንጂ ገና በእጁ ያልሠራ ተማሪ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ተቀመጠች ሴት ምን ሊል ይችላል የሚለው አንደኛው ፍርሃቴ ነበር። ሁለተኛው ይብሳል፤ ባለታሪኳ የተጻፈ ነገር አታምንም። ልጽፍ ማሰቤን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያየኸውን ነው የሰማኸውን?» የሰማሁትን ነው አልኳት። «እንግዲያው የሰማሁት ነው ብለህ ጻፍ» አለችኝ። እነሆ፣ ከእሷ፣ ከባለቤቷና ከባልደረቦቿ የሰማሁት ነው።

ላቦራቶሪው የሚገኘው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው። በወዲያኛው በኩል አንሶላ ሲቀቀል በወዲህኛው በኩል ግድግዳው ያልበዋል። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው። ከመስኮቱ ሥር አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከማይክሮስኮፑ ፊት ደግሞ ስፖንጁ በአንድ ሰው ልክ የጎደጎደ ወንበር አለ። ወንበሩ የእሷ ነው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለዳል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ከኋላዋ ደግሞ «ድገሙት» ይላታል። ውጤት በቀረበላት ቁጥር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው ቃል እሱ ነውና።

ጥርጣሬ አብሯት አልተወለደም። በተቀጠረችበት ዓመት ስማቸው እስከ አያታቸው ድረስ አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተኝተው ነበር። የአንደኛውን የደም ዓይነት መረመረች፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አይታ «ይኸው ነው» ብላ ፈረመች፤ ደሙ ወደ ሌላኛው አልጋ ሄደ። መርፌው ሊሰካ ሲል ያስቆመው ሐኪም አልነበረም። በሽተኛው ራሱ ነው፦ «እኔ እኮ እግሬ ነው የተሰበረው፤ ደም ምን ያደርግልኛል?» ማንም አልሞተም፤ ማንም አልተቀጣም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደም ልትቀዳ ስትቀርብ «እገሌ ነሽ?» ብላ አታውቅም፤ «ስምሽ ማነው?» ትላለች እንጂ። የታመመ ሰው ለተጠየቀው ሁሉ «አዎ» ይላልና።

ልማዱ ቤቷም ገብቷል። ባለቤቷ፣ የረጅም መንገድ ሾፌር የነበረ ጡረተኛ፣ በር ሲያንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» ትለዋለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ከነአያቴ ልንገርሽ ወይስ ክንዴን ልዘርጋልሽ?»

ጎረቤቶቻቸው ይህን ንግግር በቃላቸው ይዘውታል። ወተት ተገዝቶ ሲገባ ታሸታለች፤ ሰዓት ስትጠይቅ ሁለት ሰው ትጠይቃለች፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛ ትፈልጋለች። ባለቤቷ ግን ይህን ሁሉ እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። «እኔን ስታገባኝም ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች» እያለ ይስቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት ላቦራቶሪው ውስጥ አዲስ የደም መቁጠሪያ ማሽን ገባ። ሐምራዊ ክዳን ካላት ትንሽ ቲዩብ ጥቂት ደም ይመጥጥና፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ ሕዋስ፣ በሽታ የሚዋጋውን ነጭ ሕዋስና ፕላትሌቱን ቆጥሮ ወረቀት ይተፋል። ፕላትሌት የሚባሉት ከሁሉ የደቀቁት ቅንጣቶች ናቸው፤ ቆዳ ሲቆረጥ እየተያያዙ ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ሐምራዊው ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ጨው አለ፤ ለቆጠራ የሚመጣ ደም ሁሉ የሚገባው በእሱ ነው። ከማሽኑ ጋር አብሮ አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፤ ተለማማጅ ሳለ ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ደም መቀባት ያስተማረችው እሷ ነበረች። ማሽኑን በየጠዋቱ በራሱ መሀረብ ይወለውለዋል። ቆይቶም፣ ከዚህ ታሪክ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ ማሽኑ ካልጠየቀ በስተቀር ማንም ሰው ስላይድ እንዳይቀባ አዘዘ። ይህ ታሪክ በደረሰበት ወር መጀመሪያ ላይ ደግሞ እሷን ጠርቶ፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ናሙና መቀበያው መስኮት እንደምትዛወር ነገራት።

«ዓይንዎ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው፣ እትዬ» አላት።

«ዓይኔን ማን ከሰሰው?»

«ኧረ ማንም። ለእርስዎ አዝኜ ነው።»

እሷም ያን ቀን ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም። የግራ ዓይኗ ጉም መልበስ ከጀመረ አራት ወር ሆኖታል፤ ይህንን ለባለቤቷ እንኳ አልነገረችም። ማን አየኝ? የጽዳት ሠራተኛዋ ትሆን? መነጽሬን ስጠርግ በረጅሙ የምታየኝ ያቺ ናት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ እሆን?

በዚህ መካከል፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ፊቷ ግን እንደ ኳስ ክብ ብሎ አብጧል። ሐሙስ ጣፊያዋን ሊያወጡላት ቀጠሮ ተይዟል። ጣፊያ የሊምፍ ሥርዓት ትልቁ አካል ነው፤ ያረጁ የደም ሕዋሳትን እያጣራ ያስወግዳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ያለ ጥፋታቸው ፕላትሌቶችን መብላት ይይዛል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ኪኒን ይታዘዛል፤ ኪኒኑ እንቢ ሲል ቢላ። የልብስ ሰፊዋን ፊት ያሳበጠው የሁለት ወር ኪኒን ነው። አልሠራላትም ተብሏል።

«ስምሽ ማነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለ እኮ፣ እትዬ።»

«ወረቀቱን አልጠየቅሁትም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀችና ስሟን ተናገረች። ድገሙት ላስቲኩን ከክርኗ በላይ አሰረች፤ ደም ሥሩን በጣቷ ፈልጋ አገኘች፤ መርፌው ገባ። ቲዩቡ እስኪሞላ ድረስ የልብስ ሰፊዋን እጅ እያየች ነበር። የግራ እጇ ጣቶች በመርፌ ጠባሳ ተወቅረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙያዬ ማኅተም ነዋ! ስልክ እያወራሁ ስሰፋ እወጋለሁ።»

«አይበልዝብሽም?»

«ምኑ?» ልብስ ሰፊዋ እጇን ገልብጣ አየችው። ጠቆር ያለ ነገር የለም።

ድገሙት መርፌውን አውጥታ ጥጥ ጫነችበት። ከዚያ የማይጠየቅ ነገር ጠየቀች፦ «ነገሩ እንዴት ጀመረሽ?»

«በጥርስ! ጥርሴን አሞኝ መጣሁ፤ እዚህ ከአገጬ ሥር ንፍፊት ወጥቶብኝ ነበር። ደም ይታይ አሉ፤ ታየ። ከዚያ ወዲያ ጥርሱ ተረሳና ወሬው ሁሉ ስለ ደሜ ሆነ።»

«ጥርሱስ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በሩ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አይንገሩብኝ። ደምሽ አንሷልና አይነቀልም ብለውኝ ነበር። ሲብስብኝ ሌላ ቦታ ሄጄ፣ ሳልነግራቸው አስነቀልሁት። ንፍፊቱም በሳምንቱ ጠፋ።»

«ደሙ ስንት ሰዓት ፈሰሰ?»

«የምን ሰዓት? ጥጡን ነክሼ ታክሲ ገባሁ፤ ስወርድ ደርቆ ነበር። ረዳቱን እንኳ ‹መልሴን!› ብዬ ጮኬበታለሁ።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ድገሙት ቲዩቡን በእጇ እያገላበጠች ቆመች። ንፍፊቱ አልደነቃትም። ሊምፍ ከደም ሥር ሾልኮ የሚወጣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በራሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ተሰብስቦ ወደ ደም ይመለሳል፤ ንፍፊቶቹ በመንገዱ ላይ የቆሙ ኬላዎች ናቸው። ከጥርሷ የመጣውን ጀርም አስቁመው ሲፈትሹ አብጠዋል፤ ሲጨርሱ ሟሽሸዋል። ወግ ያለው ነገር ነው። ወግ ያጣው ታክሲው ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ መሆን ያለበት ፕላትሌት ወደ ሃያ ሺህ የወረደበት ሰው፣ ጥርሱን ተነቅሎ ከታክሲ ረዳት ጋር ስለ መልስ አይጣላም።

ማሽኑ ቲዩቡን ቀመሰና ወረቀቱን ተፋ። አሥራ ስምንት ሺህ። ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ኮከብ አትሟል፤ ይሁን እንጂ ዝቅ ካለ ቁጥር ሁሉ ጎን ኮከብ ስለሚያትም፣ ኮከቡን የሚያየው ሰው ከቀረ ቆይቷል።

«ድገሙት» አለች።

ኃላፊው ራሱ ደገመው። አሥራ ስምንት ሺህ።

«እትዬ፣ ይኸው ፋይሏ» አለ። «ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ሃያ ሁለት ሺህ። ባለፈው ወር ሌላ ክሊኒክ አሥራ ዘጠኝ። ዛሬ አሥራ ስምንት። ሦስት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ እኮ ፍርድ ነው።»

«ምስክሮቹ ተማክረው ከሆነስ?»

«ማሽን ከማሽን ጋር ምን ይማከራል?» ብሎ ሳቀ። ክፍሉም አብሮት ሳቀ።

ትእዛዙን ጥሳ ስላይድ ቀባች። አደረቀችው፣ ቀለም ነከረችው፣ አጠበችው፤ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችው። ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ በሚሰለፉበት፣ ሁልጊዜ በሚቆጠርበት በመካከለኛው ሜዳ ላይ ፈለገች። እዚህ አንድ ፕላትሌት፣ እዚያ ምንም። ማሽኑ ልክ ነው። እንዲያውም አራተኛ ምስክር በእጇ ጨመረችበት።

ቀኑን ሙሉ ስትጠረጥር ዋለች። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋን ጠረጠረች፤ ቢላ ፈርታ የጥርሱን ታሪክ ፈጥራ ይሆናል። ቀጥሎ ቲዩቡን፤ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። አልነበረም። ቀጥሎ ኃላፊውን። በመጨረሻም፣ ሌላ ሰው ሲያልቅባት፣ ራሷን፤ ማሽኑ እንዲሳሳት የምፈልገው እኔ ነኝ። ወንበሬን የወሰደብኝ እሱ ነዋ። ደግሞስ በዚህ በጉማም ዓይን ምን አየሁ ልል ነው?

እራት ላይ ነገሩን ለባለቤቷ ነገረችው። ዓይኗንም አብራ ነገረችው። የእሷን ሳህን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረገላት።

«ሦስት ጊዜ ለኩት ነው የምትዪኝ?» አለ።

«እኔም ደገምሁት።»

«በዚያው በልማዱ?»

«በምን ልድገመው ታዲያ?»

«አንዴ ጭነት ይዤ ስወርድ የነዳጁ መርፌ ባዶ ነው ይለኛል» አለ። «ዳሽቦርዱን መታሁት፤ ባዶ። አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ባዶ። ረዳቴ መታው፤ ባዶ። አንድ መርፌ ሺህ ጊዜ ብትጠይቂው የሚነግርሽ ያንኑ ነው። ወረድሁና ዱላ ታንከሩ ውስጥ ሰደድሁ። እስከ ግማሹ ረጥቦ ወጣ።» እንጀራውን ጠቀለለ። «አንቺ ዱላ የለሽም?»

የድገሙት እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ሦስቱም ምስክሮች የጠጡት ከአንድ ጽዋ ነው። ሦስቱም ሐምራዊ ክዳን ናቸው።

ረቡዕ ከሁሉ ቀድማ ገባች። የትናንቱን ስላይድ አነሣች። መካከለኛውን ሜዳ ዘላ፣ ማንም ወደማይቆጥርበት ወደ ጫፉ፣ ደሙ እንደ ላባ ወደሚሳሳበት ዳርቻ ገፋችው። እዚያ ነበሩ። በሃያ፣ በሠላሳ እየተቃቀፉ፣ ሐምራዊ ጉብታ ጉብታ ሠርተው ተከማችተዋል። ሲቀባ ክምሩ ከባድ ስለሆነ ወደ ዳር ተጠርጎ ነው። በጥቂት ሰዎች ደም ላይ ያ ጨው ባሕርዩን ይለውጣል፤ ደሙን እንዳይረጋ እየከለከለ ፕላትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ ደግሞ ክምሩን አንድ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ሴትዮዋ ፕላትሌት አላጣችም፤ ቲዩቡ ውስጥ ተደብቀውባት ነው።

ወይስ የቀለም ዝቃጭ ነው? በቀኝ ዓይኗ አየች፤ በግራው አየች። በግራው ሁሉም ጉም ነው። ልቧ አልቆረጠም። ይህን ይዛ ብትሄድ ኃላፊው የሚላትን ታውቃለች፤ «አቀዳድዎ ነው፤ ቀስ ብለው ቀድተውት ቲዩቡ ውስጥ ረግቶ ነው»።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። ከጠረጴዛዋ ሥር የስላይድ ሣጥኖች አሏት፤ የቀባችውን ሁሉ ሦስት ወር ሳትጥል ታቆያለች። ባልደረቦቿ «የድገሙት መካነ መቃብር» ይሉታል። የሁለት ወሩን ፈለገች፤ የልብስ ሰፊዋን የመጀመሪያ ስላይድ አገኘችው። ጫፉን አየች። ያው ክምር ነው።

ከዚያ መዝገቡን ገለጠች። «ሃያ ሁለት ሺህ። ተደግሟል። በማይክሮስኮፕ ተረጋግጧል።» ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ ነበር።

ቁጭ አለች። ያን ቀን ደግማዋለች፤ ያንኑ ቲዩብ። በማይክሮስኮፕ አይታዋለች፤ መካከሉን። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው ይባላል፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። የሁለት ወሩ ኪኒን፣ ያ ያበጠ ፊት፣ ነገ የሚሳለው ቢላ፣ ሁሉም የተነሣው ከዚህች ፊርማ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰውን ሁሉ እጅ ስትጠረጥር፣ የራሷን ድግምግሞሽ አንድ ቀን አልጠረጠረችም። «የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ። ጽዳቷ ከበሩ ዞር ብላ አየቻት።

አሮጌውን ስላይድ ወደ ሣጥኑ መመለስ ይቻላል። አዲሱን ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል። አዲሱ ብቻውን ግን ላያሳምን ይችላል፤ ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው።

ኃላፊው መሀረቡን ይዞ ሲገባ ሁለቱንም ስላይዶች ፊቱ አኖረች።

«ጫፋቸውን እይ።»

አየ።  ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው እምነት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ ወደ መስኮቱ ልትዛወሪ ነው ስለተባለች ማሽኑን ልታሳጣ ነው የሚል ሰው ቢመጣስ?»

«ይምጣ።»

«አቀዳድ ቢሆንስ?»

«የትናንቱ የኔ አቀዳድ ነው እንበል። አሮጌው የነርስ ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት ወር ተራርቆ፣ አንድ ዓይነት ስህተት?»

«አሮጌውን ማን ነበር ያረጋገጠው?» መዝገቡን ሳበ። ጣቱ ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከነአያቴ ልንገርህ?»

አልሳቀም። እሷም አላበቃችም፦ «አሁን አንተ ራስህ ውጣ። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ይዘህ፣ አንተ ቅዳ፣ አንተ ጻፍበት፣ አንተ ቁጠር። እኔ አልነካውም። የኔ እጅ ካለበት ነገ ይጠረጠራል።»

ሰማያዊው ክዳን ውስጥ ያለው የማያረጋ ፈሳሽ ሌላ ዓይነት ነው። ኃላፊው ልብስ ሰፊዋ ለነገው ቀዶ ጥገና ወደተኛችበት ክፍል ወጣ፤ ሲመለስ ቲዩቡን እንደ እንቁላል ይዞት ነበር። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው ጫማ ትቆጥራለች። ማሽኑ አጉረመረመ። ወረቀቱ ወጣ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ» አለ ኃላፊው። 

«ፈሳሹ ደሙን ያቀጥነዋል። አንድ አሥረኛ ጨምርበት።»

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት።»

«ድገመው» አለች። ቀጥላም «በዚህ ቲዩብ ሳይሆን፣ ከጣቷ በቀጥታ በስላይድ» አለች።

ከጣት በተቀባው ስላይድ ላይ ፕላትሌቶቹ መካከለኛውን ሜዳ ሞልተውት ተገኙ። ቀዶ ሐኪሙ በስልክ ሲነገረው አላመነም፤ ራሱ ወረደ፤ አጎንብሶ አየ። «በስንት መከራ ያገኘሁትን የቀዶ ጥገና ተራ ነው ያበላሻችሁብኝ» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

ለልብስ ሰፊዋ የሚነግራት ኃላፊው ነበር፤ ድገሙት ግን ተከትላው ወጣች። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ጣፊያዋ አይወጣም፤ በሽታው የለም፤ አልነበረምም። ኪኒኑ በአንድ ጊዜ ስለማይቆም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስላታል።

«አልነበረም?» አለች። «ታዲያ ይሄ ፊት የማነው? ልጄ እኮ ‹እማዬ፣ ማን ነፋሽ?› ትለኛለች። ሁለት ወር እንቅልፍ አልተኛሁም። ማነው በሽታ አለብሽ ያለኝ?»

ኃላፊው ስለ ማሽኑ ማስረዳት ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለች ድገሙት። «ያ የመጀመሪያው ወረቀት የኔ ፊርማ ያለበት ነው። ጫፉን ሳላይ ፈረምሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እሷ ዞረች። «እና አሁን ስህተቱን ያገኙትም እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልበል ወይስ እግዜር ይይልኝ?»

«ሁለቱንም በይ» አለች ድገሙት። «ሁለቱም ይገባኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ተነሣች። የመጣችበትን ልብስ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ መልበስ ጀመረች። ቀሚሱ አልዘጋ አላትና ድገሙት ከኋላ ቆማ ዚፑን ሳበችላት።

ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ከማሽኑ በላይ በኃላፊው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፕላትሌቱ ዝቅ ያለ ደም ሁሉ ስላይዱ እስከ ጫፉ ይታይ፣ በሰማያዊ ክዳንም እንደገና ይቀዳ ይላል። መሀረቡን ግን አልተወም። መዝገቡ ላይ ደግሞ፣ ከሃያ ሁለት ሺህ ጎን፣ ድገሙት በቀይ «ስህተት ነው» ብላ ጽፋ እንደገና ፈርማለች።

ዝውውሩ አልተሰረዘም። እሷም አልተከራከረችም፤ ዓይኗን ለሐኪም አሳይታ ተራ ይዛለች። አሁን መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ቲዩብ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ስሙ ማነው?» ትላለች፤ ሲነግሯት «ማን ነገረህ?» ትላለች። ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰው ያጉረመርማል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለችበት የወር ደመወዟ ሰባት ሺህ አራት መቶ ብር ነው። ግብርም የጡረታ መዋጮም ሲቀነስ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይደርሳታል።